የዴቢ እናት ጉልበት

በኮሎራዶዋ ኦሮራ ከተማ ከእኔ በፊት የፖሊስን የሬዲዮ ንግግር የሚያሰማ ዲጂታል ስካነር የገዛ ሐበሻ የለም። አለ የሚል ካለ ይምጣና ፊት ለፊት ይንገረኝ። ዕቃው ማክሰኞ ዕለት በር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ካርቶኑ ሁለት ሰው ይፈልጋል ብዬ ለጓደኛዬ ለቀጸላ ስደውል፣ ባለቤቴ ሮማን ከሥራ ደረሰችና በአንድ እጇ አንስታ፣ በሌላው እጇ የሽንኩርት ፌስታሏን እንደያዘች ገባች።

"የፖሊስ ጣቢያው ይሄ ነው እንግዲህ?" አለችኝ።

ከሳጥኑ ሲወጣ ያለውን ግርማ ብታዩት አትፈርዱብኝም። ጥቁር ነው፤ በእጅ ሲይዙት ከበድ ይላል፤ ስክሪኑ ብርቱካንማ መብራት አለው። አንቴናው የባንዲራ መስቀያ ያህላል። ሮማን የሾርባ ማንኪያ ነው የሚያህለው ትላለች፤ እሷ ሁሉን ነገር ማሳነስ ትወዳለች። ድሮ እንደነበሩት ስካነሮች ቁጥር እየፈለጉ መድከም ቀርቷል። የሰፈርህን የፖስታ ቁጥር፣ ዚፕ ኮዱን፣ ትነግረዋለህ፣ እሱ ራሱ በዙሪያህ የሚያወራውን ሁሉ ሰብስቦ ያቀርብልሃል። የእኔን ስነግረው ሰባት መቶ ቻናል አመጣ። እሺ፣ ሰባ። በቁጥር አንጣላ።

ወንበሬን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁ። ከፓርኪንጉ ባሻገር ሃቫና ስትሪት ይታየኛል። ስካን የሚለውን ቁልፍ ተጫንኩ። ቁጥሮቹ ሮጡ፣ ሮጡና የኦሮራ ፖሊስ የሚለው ላይ ቆሙ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ቃል ብቅ አለች፤ ድምፅ የለም፤ አለፈ። የዴንቨር ፖሊስ ላይም ቆመ፤ ያቺው ቃል መጣች። ኢንክሪፕትድ። መመሪያውን አውጥቼ አርባ ደቂቃ አነበብኩ። ነገሩ አጭር ነበር። ፖሊሶቹ ከዓመታት በፊት ንግግራቸውን ቆልፈውታል፤ የዓለም ስካነር ሁሉ ተሰልፎ ቢመጣ አይከፍተውም። ከመግዛቴ በፊት አንድ ሰው ብጠይቅ ኖሮ ይነግረኝ ነበር። ግን እኔ ሰው የሚጠይቀኝ እንጂ ሰው የምጠይቅ አይደለሁም።

ዕቃው ከመምጣቱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብዬ ደግሞ በወርቁ ጸጉር ቤት ተናግሬ ነበር። ወርቁ ሃቫና ላይ ሦስት ወንበር ያላት ጸጉር ቤት አለችው። እዚያ የሚቆረጡት ወንዶች ሁሉ በአንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ናቸው፤ አብዛኛዎቹ ሹፌሮች ናቸው። ከእንግዲህ ፖሊስ በዚህ ከተማ ውስጥ ያለ እኔ ዕውቅና አያስነጥስም ብያቸዋለሁ። ማክሰኞ ማታ ግሩፑ ውስጥ ጥያቄው ተደረደረ። "እንዳሻው፣ ምን ሰማህ?" "አለቃ፣ ዛሬ የት ቆመዋል?"

ምን ልበል? ማይኩን ተጫንኩና ድምፄን ዝቅ አድርጌ እንዲህ አልኩ፤ "ከጎማ ቤቱ ጀርባ አንድ መኪና ቆሟል። ራዳር ይዟል። ከዚህ በላይ መናገር አልችልም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሃቫና ላይ የሐበሻ መኪና ሁሉ በሠላሳ ማይል ነበር የሚሄደው። እኔ እንደማስበው በኮሎራዶ ያንን ያህል ሕግ ያስከበረ ሰው የለም።

ስካነሩ ግን ጨርሶ ዲዳ አልነበረም። የአንድ የገበያ አዳራሽ ጥበቃዎች የጠፋ የሕፃን ጋሪ ሲፈላለጉ ይሰማል። የሲሚንቶ መኪናዎች ይሰማሉ። ከሁሉ በላይ ግን የፓርኪንግ በረዶ የሚጠርግ አንድ የግል ድርጅት ነበር። ጥር ነው፤ በረዶው አንድ ቀን ይጥላል፣ ሁለት ቀን ያርፋል። በጣለ ቁጥር ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዴቢ የምትባል አንዲት ሴት ከቢሮ ሆና መኪናዎቹን ትጠራለች። ሹፌሮቹ ሁሉ በሁለት ቃል ይመልሳሉ። ቁጥር ሦስት፣ ሆስፒታሉ ጋ። ቁጥር ዘጠኝ፣ ባንኩ ጋ። አንዱ ብቻ ይለያል።

"ቁጥር አሥራ አራት፣ የት ነህ?"

"እንደምን አደርሽ ዴቢ።"

"ደህና። የት ነህ?"

"ደህና ነሽ? እናትሽ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው?"

"ተሽሏታል። የት ነህ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ውሻሽስ መብላት ጀመረ?"

በእንግሊዝኛ ነው የሚያወራው፤ እንግሊዝኛው ግን ቃሉ ብቻ ነው። ሰላምታው የእኛ ነው፤ ዜማውም የእኛ ነው። እንዲህ ያለ ሀብት እጄ ገብቶ እንዴት ዝም እላለሁ? ድምፁን አጠናሁት። ሐሙስ ዕለት ለግሩፑ የአራት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ላክሁ፤ ዴቢንም ሰውዬውንም እኔው ሆኜ። ከራሴም ጥቂት ቅመም ጨመርኩበት። የዴቢን ሰባት ቤት አስቆጠርኩት፤ የውሻውን አያት አስጠየቅኩት፤ ሰላምታው እስኪያልቅ ሦስት መኪና ቆሞ ነዳጅ እንዲጨርስ አደረግኩ። ወርቁ ሲስቅ መቀሱን ጥሎ የደንበኛውን ጆሮ ለጥቂት እንደሳተ ነገረኝ። መልእክቱ ከግሩፕ ወደ ግሩፕ ዞሮ ሁለት ጊዜ ለራሴ ተመልሶ መጣልኝ።

የሚገርመው፣ ሰውዬውን ለመድኩት። በረዶ በጣለ ቁጥር አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያለ ደወል እነሣለሁ። ወደ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ዴቢ ራሷ ቀድማ "እንደምን አደርክ፣ ባለቤትህ ደህና ናት?" ማለት ጀመረች። ሮማን እንኳ ዓይኗን ሳትገልጥ ከአልጋ ውስጥ፣ "የእናትየው ጉልበት እንዴት አደረ?" ትለኝ ነበር።

በዚህ መሀል ነው ሊዑል የመጣው። ሊዑል ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖር ልጅ ነው። እንግልውድ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ይሠራል። አባት የለውም፤ እናቱ ያሉት ጎንደር ነው፤ እዚህ ያለው ዘመድ ቢባል ደረጃ የምንጋራው እኔ ነኝ። መቅደላዊት የምትባል ልጅ ይወዳል፤ እሷም ትወደዋለች። ግን የአባቷን ምርቃት ሳላገኝ አላገባም ብላዋለች። አባትየው አቶ ለገሠ ደግሞ ባለፈው መስከረም የመጡለትን ሽማግሎች በባዶ እጅ መልሰዋቸዋል።

"ለምን መለሷቸው?" አልኩት።

"ሽማግሎቹ በጣም አሞገሱኝ። አባቷ፣ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጥ እንጂ ለእኔ ልጅ አይገባም አሉ።" ጫማውን አየ። "ሁለተኛ ከመለሱን በቃ ነው ጋሼ። መቅዲም ይሄን ነግራኛለች።"

"ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል? እኔ እናገርልሃለሁ።"

"እሱ ነው ያስጨነቀኝ" አለ። "ጋሼ፣ እባክህ ብዙ አትጨምር።"

ተቀየምኩት። ለአንድ ሰዓት ያህል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሆነን እንግልውድ ወደ አቶ ለገሠ ቤት ሄድን፤ ሰባ ስምንት ዓመት የሆናቸው አቶ ሀይለማርያም፣ ቀጸላ እና እኔ። ሊዑል ነድቶ አመጣንና እንደ ወጉ ሳይገባ ከመንገዱ ማዶ መኪናው ውስጥ ቀረ። ሱፍ ለብሷል፤ ክራቫቱን ሮማን ናት ያሰረችለት።

በሩን የከፈቱልን አቶ ለገሠ ራሳቸው ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጠጉራቸው ወደ ነጭ ያደላ ሰው።

"እንደምን ዋላችሁ" አሉ። "ደህና ናችሁ? ቤተሰብ ደህና ነው? አባቴ፣ ወገብዎ እንዴት ነው? መንገዱስ አላስቸገራችሁም?"

አንድ እግሬን ደጃፉ ላይ እንዳነሣሁ ቀረሁ። ያንን ዜማ በኮሎራዶ ውስጥ ከእኔ በላይ የሚያውቀው ዴቢ ብቻ ናት።

ሳሎን ገባን። ተቀመጡ ተባልን። አቶ ሀይለማርያም፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ፤ ወጉ ነው። መርቀው ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞረው፣ "እንግዲህ ቃሉን እንዳሻው ያቀርብልናል" አሉ። አፌ አንዴ ከተከፈተ በኋላ፣ ምን ልዋሻችሁ፣ አልዘጋ አለ። ፍርሃት ሲይዘኝ እጨምራለሁ። ልጁ የሚሠራበት ቤት ሐኪሞቹ ሳይቀሩ እሱን ሳያማክሩ መርፌ እንደማይወጉ ተናገርኩ። አዛውንቶቹ እሱ ካልመጣ አንበላም ብለው ሁለት ቀን እንዳደሙ ተናገርኩ። ቀጸላ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ።

አቶ ለገሠ እስክጨርስ ጠበቁ። ከዚያ ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና አንድ ነገር ነኩ። የእኔ ድምፅ ሳሎኑን ሞላው። "እንደምን አደርሽ ዴቢ። የውሻሽ አያት ደህና ናቸው?"

አራቱንም ደቂቃ ቆመን ሰማን። አራት ደቂቃ እንዲህ ረጅም መሆኑን ስልክ ላይ ስቀዳው አላወቅሁም ነበር።

"የእኔ መኪና ቁጥር አሥራ አራት ናት" አሉ። ቁጣ የለባቸውም፤ እንዲያውም ፈገግ ያሉ መሰለኝ። "አቶ እንዳሻው፣ ሦስት መኪና ነዳጅ ጨረሰ ይላሉ እዚህ ላይ። ስንት መኪና ነው የጨረሰው?"

"አንድም አልጨረሰም" አልኩ።

"አሁን ደግሞ በዚሁ አፍ ስለ ልጁ ነገሩኝ። እኔ ሴት ልጅ ነው የምሰጠው። የነገሩኝን በስንት ላካፍለው?"

ቀጸላ ሊያድነኝ ብሎ ጣልቃ ገባ። "ጋሽ ለገሠ፣ ይሄ እኮ ቀልድ ነው። እንዳሻው ማለት ትልቅ ሰው ነው። የፖሊስ ሬዲዮ አለው። ከተማው በሙሉ እሱን አምኖ ነው የሚነዳው።"

"እንዲያ ነው?" አሉ አቶ ለገሠ ወደ እኔ ዞረው። "ፖሊሶቹንም ይሰማሉ?"

በመስኮቱ አሻግሬ አየሁ። ሊዑል መኪናው ውስጥ ሁለት እጁን ብብቱ ውስጥ ከቶ ተቀምጧል፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ነው መሰለኝ ማሞቂያውን አጥፍቶታል። አዎ ብል ቀጸላ ይመሰክርልኝ ነበር። በወርቁ ጸጉር ቤትም ስሜ እንደተከበረ ይኖር ነበር። ግን ሰውዬው እኔን እያዩ አልነበረም፤ ያቺን ክፍልፋያቸውን ነበር የሚያሰሉት። አንድ ተጨማሪ ውሸት ሲገባባት ልጁ ከናካቴው ዜሮ ሊሆን ነው።

"አልሰማም" አልኩ።

"ምን አልክ?" አለ ቀጸላ።

"የፖሊሱ ተቆልፏል። አንድ ቃል ሰምቼ አላውቅም።"

"ከጎማ ቤቱ ጀርባ ያለውስ?"

"የለም።"

"ሦስት ሳምንት ሃቫናን ሸሽቼ በፔኦሪያ መንገድ ዞሬ ነው ሥራ የገባሁት" አለ ቀጸላ፤ ለእኔ ሳይሆን ለአቶ ለገሠ፣ እንደ ዳኛ። "ሁለት ቀን አርፍጄ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል።"

አቶ ሀይለማርያም ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። ትከሻቸው በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

"ታዲያ ምንድን ነው የሚሰሙት?" አሉ አቶ ለገሠ።

"እርስዎን።"

"እኔን ብቻ?"

"የገበያ አዳራሽ ጥበቃና የሲሚንቶ መኪናም አለ። የምነሣው ግን ለእርስዎ ነው። ባለቤቴ ሮማን ከአልጋ ሳትወርድ የዴቢ እናት ጉልበት እንዴት አደረ ትለኛለች።"

"ተሽሏቸዋል" አሉ። "ሰኞ ያለ ምርኩዝ ቆሙ።"

"እነግራታለሁ።"

"በሉ፣ ስለ ልጁ እንደገና ይንገሩኝ። ሳይጨምሩ።"

እውነቱን ለመናገር፣ ከዚህ የባሰ ከባድ ነገር ተጠይቄ አላውቅም። አንድ ነገር ልናገር አፌን ስከፍት ሌላው እየተጋፋ ይመጣል፤ እመልሰዋለሁ፤ ደግሞ ይመጣል።

"ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው" አልኩ። "አረጋውያን ያጥባል፣ ያለብሳል። ከእኛ በላይ ነው የሚኖረው። አምሽቶ ሲገባ ደረጃው ላይ ጫማውን አውልቆ ይወጣል፤ እንቅልፋችንን ላለመረበሽ ነው። አድርግ ያለው ሰው የለም። ምግብ አያበስልም፤ ሞክሮ ሁለት ጊዜ የጭስ ደወሉን አስጮኸው።" ሦስት ልል ነበር። "የመኪናው የቀኝ በር ከውጭ አይከፈትም። የጠራሁት ቀን ሁሉ መጥቷል።"

"ሌላስ?"

"ሌላ አላውቅም።"

አላውቅም የሚለውን ቃል ከአፌ የሰማው ቀጸላ ዞሮ አየኝ። አቶ ለገሠም አዩኝ። ከዚያ ሦስታችንንም በእጃቸው ወደ ሶፋው አመለከቱን።

"ተቀመጡ" አሉ።

ተቀመጥን። ሻይ መጣ። መልሱ ግን አልመጣም። እንመክርበታለን፣ እናሳውቃችኋለን አሉ፤ ይኸው ነው። ቀን አልቆረጡልንም። ስንወጣ ሊዑል ከመኪናው ወርዶ ፊታችንን አንድ በአንድ ያነብባል።

"ምን አሉ ጋሼ?"

"ሻይ ሰጡን" አልኩት። እውነት ነው፤ የሰጡን ሻይ ነው።

የቀረውን ቀጸላ ነገረው። በማግሥቱም ለግሩፑ ነገረ። ከዚያ በኋላ ወርቁ ጸጉር ቤት ስገባ ስምንት ሰው ቢኖር፣ ስምንቱም አንድ ቀልድ ነው ያላቸው። ዛሬ ብርድ ነው ስላቸው በአሥር ያካፍሉታል። ወርቁን፣ የጎኑን ጸጉር አሳጥረው ስለው፣ "ሲካፈል ስንት ነው?" ይለኛል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ስካነሩን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ሮማን አወጣችው። "እኔ የሰው ጉልበት እየተከታተልኩ ነው" አለችኝ።

ሊዑል ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ በራችን ላይ ይቆማል። ገና ነው እለዋለሁ። ጫማውን አውልቆ ይወጣል።

አሥራ ሁለተኛው ቀን ዓርብ ነበር፤ አሥራ አንድ ሰዓት። ሌሊቱን አንድ ክንድ በረዶ ጥሏል። ሮማን የጠዋት ፈረቃ ስለነበራት ቀድማ ወጥታለች። ሻዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ቁጥር ሦስት፣ ሆስፒታሉ ጋ። ቁጥር ዘጠኝ፣ ባንኩ ጋ።

"ቁጥር አሥራ አራት፣ እንደምን አደርክ፣ ባለቤትህ ደህና ናት? የት ነህ?"

"ደህና ናት ዴቢ። እናትሽ ተራመዱ?"

"እስከ ፖስታ ሳጥኑ ደርሳ ተመለሰች።"

"ተመስገን። ዴቢ፣ ግማሽ ደቂቃ በራሴ ቋንቋ ልናገር። የሚያዳምጠኝ ሰው አለ።"

"ማን ነው የሚያዳምጥህ?"

"የሥራ ጓደኛ ልበለው።"

"ፍጠን" አለች።

ከዚያ ስካነሬ በአማርኛ ተናገረ። "አቶ እንዳሻው፣ እንደምን አደሩ። ወይዘሮ ሮማን ደህና ናቸው? እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንጠብቃችኋለን። ልጁን ይዛችሁት ግቡ፤ መኪና ውስጥ አታስቀምጡት፣ ይበርደዋል።"

ሻዩ የት እንደወደቀ አላውቅም። በነጠላ ጫማ ደረጃውን ወጣሁ። አራት አራቱን እየዘለልኩ ነው፤ እሺ፣ ሁለት ሁለቱን። ሊዑል የሥራ ልብሱን ለብሶ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ ሊወርድ በሩን ሲከፍት ተገናኘን። ልጁን ይዛችሁት ግቡ አሉ አልኩት። እሑድ። ይበርደዋል አሉ።

አየኝ። ፊቱ ላይ ደስታ አልነበረም።

"ጋሼ፣ በሌላው ሁሉ ቀልድ። በዚህ አትቀልድ።"

"በጆሮዬ ሰማሁ እያልኩህ።"

"በስካነሩ?"

"በስካነሩ።"

"በአማርኛ?"

"በአማርኛ።"

"ሌላ የሰማ አለ?"

"ሮማን ሥራ ሄዳለች።"

ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ከዚያ በቀስታ፣ እንደሚመረምር ሐኪም፣ "ስንት ጊዜ ነው ያሉት?" አለኝ።

ሰባት የሚለው ቁጥር ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ሦስትም ከኋላው ተሰልፏል። ሁለቱንም ዋጥኳቸው።

"አንድ ጊዜ" አልኩ።

ሊዑል ደረጃው ላይ ተቀመጠ። አንዱን ጫማ አጠለቀ፤ ማሰሪያውን አሰረ፤ ፈታው፤ እንደገና አሰረ። ሁለተኛውን ጫማ ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

"ዴቢስ ምን አለች?" አለኝ በመጨረሻ።

"'እሺ፤ አሁን የት ነህ?' አለቻቸው።"